መርዶ የሸሸሁ ዕለት

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጡ፤ በቆሎ ነው፣ ሰው ቢቀመጥበት አይከፋውም። እህሉን የሚጭነው መኪና ገና ደምበጫ ነው አሉ፤ እስኪመጣ ጊዜ አለን። ቅድም አንዷ ልጅ ቁናዋን ስታራግፍ፣ “እማማ ንጋት፣ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ይለምናል፣ ለድኻ ይለምናል። እርስዎ ለሐኪሞች ምርምር እህል የሚለምኑ ምን ሆነው ነው?” አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን ጥያቄው ጥያቄ ነው፤ መልስ ይገባዋል።

የተማርሁት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ስለ ምርምሩ ዶክተር ሀኒን ጠይቋት፤ እሷ አሳምራ ትነግራችኋለች። እኔ የማውቀው እናቴን ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ በቅሎ፣ ራሷ ተከፍቶ ወጥቶላት፣ ይኸው ሰባ ዓመት አልፏት እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጣ የምታዩዋትን ደስታነሽን። መትረፏን አስቀድሜ የነገርኋችሁ ሆን ብዬ ነው። እኔ ያኔ የሚነግረኝ አጥቼ የተጨነቅሁትን እናንተ ደግሞ እንዳትጨነቁት ብዬ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመጡ፣ ከመኪናው መንገድ ወደ ታች አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ነው። አባቴ ባዬ በቆሎና በርበሬ ያርሳል። ክረምቱ ሲገባ እናቴ ጧት ጧት ማስመለስ ጀመረች። ጎረቤቱ እርስ በርሱ ተያየና ፈገግ አለ። የአባቴ እኅት እህተ ማርያም እኛ ቤት ስትመጣ እናቴን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ “እንዲህ የሚያንገላታሽ ወንድ ቢሆን ነው። ገና ሳይወለድ ጌታ ሆነብሽ!” አለቻት።

እናቴ አልሳቀችም። እኔ ግን ሰማሁ፤ ወንድም ሊመጣልኝ ነው ብዬ ስም ማውጣት ጀመርሁ። ያን ክረምት ሙሉ እኔ ሆዷን ስጠብቅ እሷ ራሷን ይዛ ነበር። ጧት የሚብስ ራስ ምታት፣ ሆድ ሳይታመም ማስመለስ፣ እነዚህ ነገሮች የዕጢ ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉ የነገረችኝ ዶክተር ሀኒ ናት፤ ያውም አምና። ያኔ ማን ያውቃል? የሰፈራችን አዋላጅ እንኳ አላወቀች።

አንድ ቀን በግራዋ በኩል ቆሜ፣ የጠበስሁትን የበቆሎ እሸት ዝም ብዬ ዘረጋሁላት። ትቀበለኛለች ብዬ እጄ እስኪዝል ጠበቅሁ። ዘወር ብላም አላየችኝ። ለሚወለደው ልጅ ፍቅሯን እያጠራቀመች ለእኔ ነሥታኛለች ብዬ፣ እሸቱን ለውሻ ወርውሬ ከጓሮ አለቀስሁ። ለካ በዚያ በኩል ዓይኗ መድከም ጀምሮ ኖሯል። እኔ የማውቅበት ምን ዓይን አለኝ?

ሆዷ ግን አልገፋም። በነሐሴ መጨረሻ የበሩን መቃን በግንባሯ ገጨችው። በመስከረም፣ ቀድሞ የቀላውን በርበሬ ልታሰጣ ደጅ እንደ ቆመች ወደቀችና ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አክስቴ ሮጣ መጥታ እንዳላይ ዓይኔን በእጇ ሸፈነችኝ። እጇ በርበሬ ነክቶ ነበርና ዓይኔ እሳት ሆነ። ያን ቀን ሁሉም ለእናቴ የማለቅስ መስሏቸው አባበሉኝ። እኔ ያለቀስሁት ለዓይኔ ነበር፤ እናቴማ ወንድሜን ልትወልድ መስሎኛል።

የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሥላሴ ጠበል አጠመቋት። ሳምንት ያህል ከቆዩ በኋላ አባቴን ለብቻው ጠርተው፣ “ባዬ፣ ጠበሉን እኔ እቀጥልልሃለሁ። አንተ ግን ነገ ዛሬ ሳትል ቡሬ አድርሳት” አሉት።

ቡሬ ክሊኒኩ ውስጥ ገብረ ኢየሱስ የሚባል ድሬሰር ነበር። ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ከዚያ ያለፈ ሲመጣበት ደግሞ የማያፍር ሰው። በባትሪ ዓይኗን አየ። ጣቱን ወዲያ ወዲህ እያደረገ ተከተይው አላት። ከዚያ፣ በር ላይ መቆሜን ረስቶ፣ “ከራሷ ውስጥ ሆኖ የሚገፋ ነገር አለ። ይኸ የእኔ ሥራ አይደለም፤ አዲስ አበባ ነው” አለ።

አባቴ ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገው። “በስንት ቀን እንመለሳለን?” ሲል ጠየቀ።

ገብረ ኢየሱስ ባትሪውን ያበራ ያጠፋ ጀመር።

እኔ “የሚገፋ ነገር” ሲባል ወዲያው ገባኝ። ወንድሜ ነው። መንገድ ስቶ ወደ ላይ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ሄደው ያወርዱታል። በዚህ ተጽናናሁ። እናቴ ስትሄድ እንኳ እንደ ሌላው ልጅ አላለቀስሁም። አቅፋ ስማኝ፣ “አክስትሽን አታስቸግሪ” አለችኝ። “ቶሎ ይዘሽው ነይ” አልኋት። ምን እንዳልኋት አልገባትም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሄደች።

አሁን ስለ መርዶ ልንገራችሁ። ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን በልጅነቴ እንዴት እንዳወቅሁት ስሙኝ።

የጎረቤታችን የቻይነሽ ባል ወለጋ ቡና ለቀማ ሄዶ በወባ ሞተ። ወሬው ሰፈራችን ደረሰ፤ ለእሷ ግን አልተነገረም። ዘመዶቹ ከፈረስ ቤት ከተማ እስኪሰበሰቡ ዐሥር ቀን ተጠበቀ። ዐሥሩን ቀን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቻይነሽ ብቻ አታውቅም። ለባሏ ጋቢ እየፈተለች፣ “ሲመጣ ብርድ እንዳያገኘው” እያለች ትስቃለች። ሴቶቹም አብረዋት ይስቃሉ። እኛ ልጆች አፋችንን እንድንይዝ ተመክረናል። በዐሥራ አንደኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጇ ቆሙ። “ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ” አለቻቸው። አልተቀመጡም። አንዱ ጥቂት ቃል ተናገረ። ቻይነሽ መሬት ላይ ወደቀች።

የስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ ምን ይማራል? ሰው የሚሞተው ሲነገር ነው፤ እኔ የተማርሁት ይህን ነው። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ የቻይነሽ ባል ሕያው ነበር፤ ጋቢ ይፈተልለት ነበር። ታዲያ የሚሰማ ሰው ባይገኝስ? ለማን ይነገራል? ማን ይሞታል?

እናቴ ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆነ። ጥቅምት ነው። አንድ ሰኞ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከመኪናው መንገድ አጠገብ ባለው አክስቴ ቤት አጥሩ ሥር ስጫወት ገብረ ኢየሱስ ከቡሬ በእግሩ መጣ። ወረቀት ይዟል። አክስቴን ወደ በሩ ጠርቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ያነብላት ጀመር። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

“ሐሙስ?” ስትል ሰማሁ።

“ሐሙስ” አለ። “ልጂቱ እንዳትሰማ።”

አክስቴ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ዐሥር ቀን ሙሉ ሰፈሩ ለቻይነሽ ሲያሳያት የነበረው ፈገግታ ነው። እራት አልበላሁም። “ምነው የኔ ልጅ?” ስትለኝ፣ “ጠግቤ” አልኋት።

ወረቀቱን አባቴ ነበር የላከው። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ እንደሆነ፣ ደም የሚሰጡ ሦስት ጤነኛ ሰዎች እስከ ረቡዕ ማታ እንዲደርሱለት፣ ያለ ደም እንደማይነኳት ይላል። በዚያን ጊዜ ከቡሬ አዲስ አበባ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ማክሰኞ ጧት የሚነሣው አውቶቡስ ካመለጠ፣ ሐሙስ አመለጠ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ የሰው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በግድግዳው ስንጥቅ አየሁ። አባ ወልደ ሥላሴ አሉ። ገብረ ኢየሱስ አለ። ደረሰ የሚባለው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ አለ። አንድ ጎረቤትም አለ፣ ቸኮለ የሚባል። ሁሉም ጋቢያቸውን ተከናንበዋል።

“ኧረ ተቀመጡ” አለች አክስቴ።

“መቀመጥ የለም” አለ ገብረ ኢየሱስ። “ቆመን ነው።”

ከዚያ አባ ወልደ ሥላሴ፣ “ንጋትን አምጧት” አሉ።

እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። በጓሮ በኩል፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ፣ ከበቆሎው ማሳ ውስጥ ገባሁ። በቆሎው መድረቅ ጀምሯል፤ ቅጠሉ ፊቴንና ክንዴን ይቆርጠኛል። መሀሉ ስደርስ ተቀመጥሁና ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንሁ። መዝሙር ማዜም ጀመርሁ። የማውቀው አንድ ስንኝ ብቻ ነበር፤ እሱኑ እደጋግማለሁ። ትንፋሼ ሲያልቅብኝ ድምፃቸው ይገባል። “ንጋት! ንጋት ሆይ!” መልሼ ማዜም።

እኔ ከሸሸሁ በኋላ እዚያ ቤት የሆነውን አክስቴ ኋላ ለሰው ስታወራ ነው የሰማሁ። አጎቴ ደረሰ ደም መስጠት ፈርቶ፣ “እኔ ደሜን አፍስሼ ስመለስ ሞፈሩን ማን ሊይዝልኝ ነው? በሬዬን ይውሰዱ!” ብሎ ነበር አሉ። ገብረ ኢየሱስ ደግሞ፣ “ጋሼ ደረሰ፣ ሐኪሙ የጠየቀዎት የሰው ነው። የበሬ ከሰጠናት ተመልሳ ስትመጣ ታርስልዎታለች” አለው። አባ ወልደ ሥላሴ ሳቁና፣ “እኔ ሽማግሌ ባልሆን ቀድሜህ እሄድ ነበር” ሲሉት አፈረና ተነሣ። ሦስቱ ደም ሰጪዎች እሱ፣ ቸኮለና አክስቴ እህተ ማርያም ነበሩ።

አባ ወልደ ሥላሴ እኔን ያስጠሩኝ ለምን መሰላችሁ? ከሁሉም መካከል ሊነግሩኝ የፈለጉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። “ልጅ ናት፣ ግን እናቷ ናት። ሐሙስ ትታከማለች፣ ጸልዪላት እንበላት” ብለው ነበር። እኔ ከዚያ ቃል ነው የሸሸሁ።

አክስቴ ልጅ ጠፍቶባት መኪና ላይ አትወጣም። ወንዙ ገና አልጎደለም ነበርና ወንዝ ገብታለች ብለው ፈሩ። ወንዶቹ ረጅም ዱላ ይዘው ውሃውን ጥልቅ ጥልቁን ሲወጉ አረፈዱ። ፀሐይ ወጣች። ከወደ መንገዱ የአውቶቡስ ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ከዚያም ሞተሩ እየራቀ እየራቀ ሄደ። ልቤ ረፍት አገኘ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ያን ጡሩምባ የመሰለ ድምፅ ስሰማ እጄ ወደ ጆሮዬ ይሄዳል።

እኩለ ቀን ሲሆን አክስቴ አገኘችኝ። ነጠላዋ በእሾህ ተቀዷል፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። እጇን ስትዘረጋ፣ “አትንገሪኝ! እታለም፣ አትንገሪኝ!” ብዬ ጮህሁ።

አክስቴ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ተንበርክካ አቀፈችኝና፣ “እሺ፣ አልነግርሽም። አልነግርሽም የኔ ልጅ” እያለች ታለቅስ ጀመር። የእናቴ ራስ ሊከፈት መሆኑን ሰምቼ የፈራሁ መስሏት ነው። እኔ ደግሞ ልቅሶዋን አይቼ እናቴ መሞቷን አረጋገጥሁ። እንዲህ ተቃቅፈን፣ እሷ ሌላ እያወቀች፣ እኔ ሌላ እያወቅሁ፣ ከበቆሎው ወጣን።

በማግስቱ ረቡዕ ሦስቱም ተሳፈሩ። ሐሙስ ማታ ደረሱ። ሐኪሙ ያን ዓይነት ሥራ የሚሠራው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው፤ የእናቴን ተራ ሌላ በሽተኛ ወሰደው። አንድ ሳምንት ተገፋች።

እኔን ማን ዘንድ እንዳስቀመጡኝ ታውቃላችሁ? ቻይነሽ ቤት።

ቻይነሽ መልካም ሴት ናት። ታበላኛለች፣ ጠጉሬን ትሠራኛለች። እኔ ግን ሥራዬ ሌላ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ነቅቼ ደጁን እጠብቃለሁ። ጋቢ የለበሰ ሰው በመንገድ ሲመጣ ካየሁ ከጎተራው ኋላ ነኝ። ሁለት ሰው አብሮ ከመጣ ጓሮ ወርጄ ዛፍ ላይ ነኝ። አንድ ቀን ፍየል የጠፋባቸው ሽማግሌ ሊጠይቁ መጥተው ግማሽ ቀን ሳልወርድ ዋልሁ። እንዳልስቅም እጠነቀቅ ነበር፤ ሰው ሲስቅ ነው የሚመጡበት ብዬ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቻይነሽ እንዝርቷን ይዛ ስትፈትል ጠየቅኋት። “እነዚያ ሽማግሌዎች ሳይመጡ በፊት እሱ ነበር?”

እንዝርቷን አቆመች። ማንን እንዳልሁ ገባት። ትቆጣኛለች ብዬ ፈራሁ።

“ለእኔ ነበር” አለች። “ዐሥር ቀን በትርፍ አኖሩልኝ።”

“ጥሩ አደረጉ” አልኋት።

“ጥሩ?” አለች ቻይነሽ። እንዝርቷን መሬት አስቀመጠችና፣ “እኔ ስስቅ ያዩኝ ነበር እኮ፣ ንጋትዬ። ያን ጋቢ ስፈትል ያዩኝ ነበር። አብረውኝ ይስቁ ነበር። ሞቱን ከእግዜር ተቀበልሁ፤ ዐሥሩን ቀን ግን ከማን ልቀበል? ለብቻዬ አስቀርተውኝ” አለች።

አልገባኝም። ደግሞም የባሰ ፈራሁ፤ እሷ ራሷ ልትነግረኝ የተነሣች መሰለኝ። “ውሃ ልቅዳ” ብዬ ሮጥሁ።

ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ አንድ ጧት ቻይነሽ፣ “ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ቡሬ ወርደን ሰው እንቀበላለን” አለችኝ። ሰው ነው ያለችው፤ ስም አልጠራችም። አስገርማ ልታስደስተኝ ብላ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሁሉ መንገድ ሬሳ የምንቀበል መስሎኝ፣ ከኋላዋ ተጎተትሁ።

አውቶቡሱ ቆመ። አባቴ ወረደ፤ ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። ከዚያ ዞሮ የአንዲት ሴት እጅ ያዘ። ሴትዮዋ ነጭ ሻሽ አሥራለች። ስትወርድ ሻሹ ወደ ኋላ ሸርተት አለ። ራሷ ተላጭቷል።

በእኛ አገር ራሷን የተላጨች ሴት ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። መናኸሪያው ውስጥ ድንች ትሸጥ የነበረች የማናውቃት ሴት ዘንቢሏን ጥላ መጣች። “ውይ እኅቴ፣ እግዜር ያጥናሽ! ማን ሞተብሽ?” አለቻት። ሌሎችም ተሰበሰቡ። “ያጥናሽ፣ ያጥናሽ።”

ሴትዮዋ ሻሿን እያስተካከለች፣ “አሜን፣ እናንተንም ያቆይልን። የሞተ እንኳ የለም። እኔው ነኝ ተመልሼ የመጣሁ” አለች።

የእናቴ ድምፅ ነው። ድንች ሻጯ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ኀዘኑን ትመልሰው ወይ ትተወው ግራ ገባት። እኔ ከቻይነሽ ቀሚስ ኋላ ሆኜ አየኋት። እናቴም ፊቷን ወዲያ ወዲህ አዙራ ፈልጋ አገኘችኝ። “ነይ እንጂ፣ ምን ያስደብቅሻል?” አለች። ስታቅፈኝ የመድኃኒት ሽታ ሸተተኝ። ከሻሹ ሥር ከጆሮዋ በላይ ጠምዘዝ ያለ ጠባሳ አለ።

ያኔ ምን እንዳሰብሁ ልንገራችሁ? አሸነፍሁ ብዬ አሰብሁ። መርዶውን ባለመስማቴ ነው የኖረችው። እኔ ነኝ ያዳንኋት። ከቡሬ እስከ ቤታችን ያን ሁሉ መንገድ እጇን ይዤ ስሄድ፣ በዓለም ላይ እንደ እኔ ያለ ጀግና አልነበረም።

ጀግንነቴ ግን እስከ ማምሻው እንኳ አልቆየ። እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶት ሳለ፣ ከአዲስ አበባ አብረዋቸው የተመለሱት አክስቴና አጎቴ ደረሰ ጓዳ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ።

“ግራ ዓይኗ ፈጽሞ ጠፍቷል እኮ” አለች አክስቴ። “ያቺን ሳምንት ባትገፋ ይተርፍላት ነበር። ያን ቀን ልጂቱ ባትጠፋብን…”

“ዝም በይ! ልጅ ትሰማለች” አለ ደረሰ።

ልጅ ሰማች። ይህኛውን አልሸሸሁትም፤ የምሸሽበት ጊዜም አልነበረኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ የእናቴ ግራ ነኝ። ገበያ ስንሄድ በግራዋ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንቆም በግራዋ። ሰው፣ “ምን ዓይነት እናቷን የምትወድ ልጅ ናት!” ይላል። እናቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ወለደች። በአንድ ዓይኗ ፈተለች፣ አረመች፣ ዳረችን። እኔ ተዳርሁ፣ ወለድሁ፣ አባቴን ቀበርሁ፤ ግን አንድም ቀን፣ “እማ፣ ዓይንሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ” ማለት አልቻልሁም። አርባ ዓመት አለፈ። ሌት ተቀን አስበው ነበር ብል ዋሸሁ። ግን እሷ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቅቷት ስትደነባበር ባየሁ ቁጥር፣ ያ ጡሩምባ ይነፋብኛል።

አምና ከፋሲካ በኋላ ዶክተር ሀኒ ወደ ፍኖተ ሰላም መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ሳያት ነርስ መስላኝ ነበር። የራስ ዕጢ ምርምር የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ፤ ከእነሱ አንዷ ናት። ከእኛ አገር የሚሄዱት በሽተኞች ለምን እንደሚዘገዩ፣ ከታከሙ በኋላም ምን እንደሚሆኑ ታጠናለች። “ታክሞ የኖረ ሰው ታውቃላችሁ?” ስትል ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እናቴ ቀሰረ።

እናቴን ይዤ ሄድሁ። አባቴ ከግብር ደረሰኞቹ ጋር አስሮ ያቆየውን የሐኪም ቤት ወረቀትም ያዝሁ። በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ነው፤ አንብበነው አናውቅም።

“እማማ ደስታነሽ፣ ራስዎን ልይልዎት?” አለች ዶክተሯ።

“እይው” አለች እናቴ። “የዛሬ አርባ ዓመት ከፍተው ያዩት ሐኪም ሞተዋል አሉ። እንግዲህ ውስጡ ባዶ ነው ብሎ የሚመሰክርብኝ የለም።”

ዶክተሯ ሳቀች። ጠባሳውን ዳሰሰች። ከዚያ ወረቀቱን እየገለጠች በአማርኛ ታነብልን ጀመር። “ሐኪም ቤት የገቡት መስከረም ሃያ ስድስት። ራስ ምታት፣ አራት ወር። ማስመለስ። መንፈራገጥ፣ አንድ ጊዜ። ቀኝ ዓይን፣ ደኅና ያያል። ግራ ዓይን፣ ብርሃን አይለይም።”

“እስቲ መልሺው” አልኋት።

መለሰችው።

“ቀኑን።”

“መስከረም ሃያ ስድስት።”

ሦስተኛ ጊዜ መልሺው ስላት ቀና ብላ አየችኝ። እኔ የሸሸሁት በጥቅምት ነው። ወረቀቱ የተጻፈው እኔ ከመሸሼ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድሞ ነው።

“አዎ” አለች እናቴ፣ ተራ ነገር እንደሚያወራ ሰው። “መኪናው ደጀን ሳይደርስ ነው የጠፋ። በአንድ በኩል መጋረጃ እንደ መጣል ነው ያደረገኝ። ለባዬም አልነገርሁት፤ መንገድ ላይ ምን ሊያደርግልኝ? ሲደነግጥብኝ ነው።”

ያኔ እንባዬ መጣ። ሐኪም ፊት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ሁሉንም ነገርኋት፤ በቆሎውን፣ አውቶቡሱን፣ ጓዳ የሰማሁትን። እናቴ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ በደህናው ዓይኗ ትክ ብላ አየችኝ።

“ምነው ብትጠይቂኝ?” አለች።

“ፈራሁ።”

“እኔም እኮ አልነገርሁሽ። ዓይኔ ሲያሳዝናት ይኖራል ብዬ ነው እንጂ፣ በግራዬ የምትቆሚ ለዚህ መሆኑን ባውቅ...” አለች። እጄን ያዘች።

ዶክተር ሀኒ እስክንረጋጋ ጠበቀችን። እኔም ጠየቅኋት፤ ያቺ ሳምንት ምንም አልጎዳቻትም ወይ አልኋት። እሷ ለማጽናናት አትዋሽም። “ሌላ ነገር ጎድታት እንደሆነ አላውቅም፣ እማማ። ይኸ ወረቀት አይነግረኝም። ዓይኗ ግን በእርስዎ አልጠፋም። ዓይኗን የወሰደባት ማንም ምልክቱን ያላወቀበት ክረምት ነው” አለችኝ። ይህን የምታጠናውም ለዚህ ነው። ከገጠር የሚመጣው ታካሚ አንዴ ራሱ ተከፍቶ ከዳነ በኋላ፣ የመኪናና የማደሪያ እያጣ ለክትትል አይመለስም። “ማን እንደኖረ ካላወቅን ምን እንዳኖረው አናውቅም” አለች።

እናቴ ወዲያው፣ “እኛ ዘንድ እህል አለ” አለች። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በማርያም ማኅበራችን ተነገረ፤ ከየቤቱ አንድ ቁና በቆሎ ተባለ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ሁለት ሰጠ። ተሽጦ ከየወረዳው ለክትትል የሚመለሱትን ሰዎች ማመላለሻና ማሳደሪያ ይሆናል። አምና ያልመጡ ዘንድሮ መጥተዋል። ስማቸው ተጽፏል፤ ጧት ጧት ምን እንደሚሰማቸው ይጠየቃሉ። እንግዲህ ለምን እንደምለምን ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ይኸው ነው። አንድ ሐኪም አንድ መስመር በደንብ ጽፎ ስላስቀረ፣ እኔ አርባ ዓመት የተሸከምሁትን አወረድሁ።

የእህሉ ነገር ከልባችሁ ነው፤ አላስገድዳችሁም። አንድ ነገር ግን በእናታችሁ በማርያም እለምናችኋለሁ። ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ሰው ሲኖር፣ ወሬው ሲመጣ፣ “ልጅ እንዳትሰማ” ብላችሁ ድምፃችሁን ዝቅ ስታደርጉ፣ እባካችሁ ያን ጊዜ እኔን አስታውሱኝ። ልጅቱን ጠርታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጧትና፣ በምታውቀው ቃል፣ የሆነውን ያህል ብቻ ንገሯት።